አፍ ላይ የቀረ ብርሃን

ዝናቡ ሲያባራ ሁለት ሰዎች ከቦዩ ዳር ቆመው ነበር። አንዱ አካፋ ይዟል፣ ሌላው ጉልበቱን ይዟል። ጉልበቱን የያዘው የአንድ የስልክ ምርምር ማዕከል አንጋፋ ለኪ ሲሆን ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው። እውነተኛ ስሙ መታወቂያ ካርዱ ላይ ቀርቷል፤ ከበር ጠባቂው ጀምሮ እስከ ዋና ኃላፊው ድረስ ሁሉም «ጋሽ ዴሲቤል» ይለዋል። አካፋ የያዘው የሚስቱ ወንድም ነው፤ በያጅ ነው። ከጋሽ ዴሲቤል በዕድሜ አሥር ዓመት ያንሳል፣ በምላስ ግን ሃያ ዓመት ይበልጠዋል።

«እዚህ ጋ ነው የሰመጠው» አለ ጋሽ ዴሲቤል።

«ትናንትም እዚህ ጋ ነው ብለህ እዚያ ማዶ ተገኘ።»

«ትናንት ዝናብ ነበራ።»

«ዛሬስ ፀሐይ ሆኖ ነው?» አለ በያጁ፤ ግን መቆፈሩን ቀጠለ። አፉ እንጂ እጁ አምፆ አያውቅም።

ወገብ ያህል ሲቆፍሩ ቱቦው ብቅ አለ። የሰው ክንድ የሚያህል ውፍረት አለው፤ ውጪው ብረት፣ ውስጡ በመዳብ የተለበጠ ነው። ጋሽ ዴሲቤል ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የውሃ ልኩን ቱቦው ላይ አስቀመጠና አየ። በአንዲት ጣት ሰምጧል። በያጁ ከሥሩ ጠጠር ሞላበት፣ ደጋፊውን ብረት አቀና፣ አፈሩን መለሰ። ይህንኑ ሥራ በዚያው ሳምንት አራት ቦታ ሠርተውታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱቦው ውስጥ ሽቦ የለም፣ ውሃም አይሄድበትም፤ ባዶ ነው። በዚያ ባዶነት ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የሬዲዮ ሞገድ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይጓዛል። በአንድ ቱቦ መቶ ሺህ ሰው በአንዴ ስልክ ያወራበታል ተብሎ ሥራው ከተጀመረ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ማንኛውም ምልክት መንገድ በሄደ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ ይህን መሳሳት የግቢው ሰው «ድካም» ይለዋል። «ዛሬ ድካም ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ስለ ጤናህ አልጠየቀህም። መለኪያው ዴሲቤል ነው፣ የጋሽ ዴሲቤል ስምም የመጣው ከዚያ ነው፤ ሦስት ደከመ ከተባለ ግማሹ ጠፍቷል ማለት ነው። የጋሽ ዴሲቤል ቱቦ ደግሞ በኪሎ ሜትር ሁለት ብቻ ነው የሚደክመው፤ ይህን ቁጥር ያየ ባለሙያ ሁሉ ባርኔጣውን ያነሳል።

ችግሩ ቱቦው ጥምዝ አይወድም። ትንሽ ከጎበጠ ሞገዱ ይሳከርና ግማሹ መንገዱን ይስታል። መሬት ደግሞ ለሰው ብላ ቀጥ ብላ አትኖርም፤ ክረምት ታብጣለች፣ በጋ ትሰነጠቃለች። ስለዚህ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አሥራ አንድ ሰዎች፣ ከፊት ጋሽ ዴሲቤል ከኋላ በያጁ፣ የቱቦውን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በእግራቸው እየሄዱ የሰመጠውን ሲያነሱ፣ ያበጠውን ሲያወርዱ ኖረዋል። የማያልቅ ሥራ ነው። እንደ ሕፃን ነው፤ አንዱን ጎን ስታስተኛው በሌላው ይነቃል።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጫማው ላይ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ዋና ኃላፊው አስጠራው።

«ይቀመጡ ጋሼ።»

«ከተቀመጥኩ መነሣቱ ይቸግረኛል። እንዲሁ ይንገሩኝ።»

ኃላፊው ገና በአርባዎቹ ያለ፣ ሰው ማስከፋት የማይወድ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም አደረገው። ሲጠቀለል ግን ይህ ነው፦ ምድር ቤት ውስጥ መስታወት እያቀለጠች እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር የምትስብ አንዲት ወጣት ተመራማሪ አለች። በክሩ ውስጥ የምታሳልፈው የሬዲዮ ሞገድ ሳይሆን ብርሃን ነው። ክሩ ደግሞ ይተጣጠፋል፤ ከተማ ውስጥ ባለው የስልክ ቦይ እንደ ገመድ ይሳባል፤ ቀጥ በል፣ አትጉበጥ የሚለው ሰው አያስፈልገውም። ቦርዱ አንድ መስመር አስምሯል፤ ክሩ በኪሎ ሜትር ከሃያ በታች ከደከመ ቱቦው ቆሞ ሰውም ዕቃም ወደ ክሩ ይዞራል። ከሃያ በላይ ከሆነ የሚዘጋው የልጅቷ ክፍል ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማሳደግ አልተቻለም።

«ቁጥሯን በሌላ ሰው ማረጋገጥ አለብን። እስከ ዓርብ» አለ ኃላፊው።

«እና እኔ ላረጋግጥ? እኔ የቱቦው ሰው ነኝ እኮ። ፍየሏን ለጅብ አደራ እየሰጣችሁ ነው።»

«እርስዎ ለገዛ ቱቦዎ እንኳ አድልተው አያውቁም። ሌላ ሰው ቢፈርም ቦርዱ ይከራከራል፤ እርስዎ ከፈረሙ ሁሉም ዝም ይላል።»

ጋሽ ዴሲቤል መስኮቱን አየ። ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበር። የመጣለት ሐሳብ፣ ያ የሰመጠው ቦታ ነገም ይሰምጣል የሚል ብቻ ነበር።

በማግስቱ ምድር ቤት ወረደ። ክፍሉ ድሮ ወንበር የሚከማችበት ነበር። በአንዱ ጥግ ምድጃው አለ፣ በሌላው ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰ መንኮራኩር። መንኮራኩሩ ላይ ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር ክር ተጠምጥሟል፤ ዓይን ካላተኮረ የለም ያሰኛል። ልጅቷን ግቢው «ባለ ክሯ» ይላታል። ሠላሳ አልሞላትም፤ ዓይኖቿ ግን ቀልተው፣ ከሥራቸው ጠቁረው፣ የሌላ ሰው ዓይን ይመስላሉ።

«ጋሼ፣ ሻይ ላምጣልዎት?»

«ቁጥሩ ይቅደም ልጄ።»

አሠራሯን አሳየችው። ከመብራቱ የሚወጣውን ቀይ ጨረር ለካች። ከዚያ ጨረሩን ወደ ክሩ አፍ አነጣጥራ በሌላው ጫፍ የደረሰውን ለካች። ልዩነቱ ስምንት ሆነ፤ ክሩ ሩብ ኪሎ ሜትር ስለሆነ በአራት ሲባዛ፣ በኪሎ ሜትር ሠላሳ ሁለት። ጋሽ ዴሲቤል በራሱ መሣሪያ፣ በራሱ እጅ ሦስት ጊዜ ደገመው። ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ አንድ ከምናምን።

«እኔም የማገኘው እሱኑ ነው» አለች ባለ ክሯ። ድምፅዋ ውስጥ ልመና አልነበረም። ተስፋ ከቆረጠች ሰንብታለች፤ አሁን የምትጠብቀው እንዲነገራት ብቻ ነው። የማረጋገጫውን ወረቀት አቀረበችለትና ብዕር ሰጠችው።

ብዕሩን ይዞ ጎንበስ ሲል ዓይኑ የክሩ አፍ ላይ አረፈ። አፉን የያዘችው ትንሽ ብረት ዙሪያዋን በቀይ ብርሃን ተለቅልቃ ነበር። ብርሃኑ አፉ ላይ ፈስሷል፤ ክሩ ውስጥ አልገባም።

ወዲያው ገባው። ከመብራቱ የወጣውና ጫፍ ላይ የደረሰው ተቀናንሶ የጠፋው ሁሉ በክሩ ታስቧል። በር ላይ የቀረ እንግዳን ጓዳ ውስጥ ጠፋ ብሎ እንደ መፈለግ ነው። በሩ ላይ የቀረው ስንት እንደሆነ ማንም አልለካም። ምናልባት ጥቂት ነው። ምናልባት ግማሽ ነው። ግማሽ ከሆነ ቁጥሩ ከሃያ በታች ይወርዳል…

ብዕሩን መለሰላት። «ነገ እፈርማለሁ። ዛሬ ዓይኔ ደክሟል።»

ከሥራ መልስ ቤት ሲደርስ ሚስቱ እግሯን ለብ ያለ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክራ አገኛት። ማዋለጃ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ቆማ የምትውል። ወንድሟ በያጁም ቀድሞት መጥቶ ሾርባውን ጀምሮ ነበር።

«እህስ፣ ስንት ሆነ?» አለ በያጁ፣ ጋሽ ዴሲቤል ገና ኮቱን ሳያወልቅ።

«ሠላሳ ሁለት።»

በያጁ ማንኪያውን ወደ ላይ አነሣ። «ተመስገን! ቱቧችን ዳነች!»

ጋሽ ዴሲቤል ዝም ብሎ ቢተወው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ከዚህ ሰው ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ጭቃ ረግጧል፤ ከእሱ የደበቀው ነገር የለም። ያየውን ነገረው። በያጁ እየሰማ ማንኪያውን ቀስ አድርጎ አወረደ።

«ቆይ፣ የታዘዝከው ምንድነው? ቁጥሯን ደግመህ ለካ ነው የተባልከው?»

«አዎ።»

«ለካህ?»

«ለካሁ።»

«ያው ወጣ?»

«ያው።»

«ታዲያ ፈርማ! ይሄ ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም።»

«እኮ!»

«እውነትም አይደለም።»

«ጋሼ፣ እባክህ» አለ በያጁ። የቀልድ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። «አሥራ አንድ ሰዎች ነን። እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ቱቦ ሌላ የማውቀው የለም። የልጅቷን ስህተት ልጅቷ ታግኘው። አንተ አስተማሪዋ ነህ? አባቷ ነህ?» ወደ እህቱ ዞረ። «አንቺ ንገሪው እንጂ! አፍሽ ምን ነካው?»

እህቱ እግሯን ከሳፋው አውጥታ በፎጣ አደረቀች። «ዛሬ ስምንት ልጅ ነው ያዋለድነው፤ እባካችሁ ድምፃችሁን ቀንሱ። ምን ልንገረው? ካወቀ በኋላ እንዳላወቀ መሆን የሚችል ሰው አላገባሁም። እንደዚያ ያለውን ባገባ ይቀለኝ ነበር።»

በያጁ ሾርባውን ሳይጨርስ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። በሩን አላላተመም፤ ቢያላትም ይሻል ነበር።

ጋሽ ዴሲቤል ጋደም ብሎ ጣሪያውን ሲያይ ያስጨነቀው አንድ ነገር ነበር፤ ለማንም አልተናገረውም። እውነት እውነት ስለሆነች ነው መናገር የፈለገው? ወይስ ጉልበቱ ስለዛለ፣ ያን ቦይ ሌላ ክረምት መርገጥ ስላስጠላው ነው? ቱቦው ቢዘጋ ማረፉ ነው። አሥራ አንድ ሰው በትኖ ማረፍ። ሐሳቡን ገልብጦ ገላብጦ አየው፤ ሁለቱም እውነት መሰሉት። በዚያው እንቅልፍ ወሰደው።

ጠዋት ምድር ቤት ሲገባ ባለ ክሯ መንኮራኩሩን በጨርቅ ሸፍና መጻሕፍቷን በካርቶን እያስገባች ነበር። ከፊርማው በፊት ለመልቀቅ እየተዘጋጀች ነው።

«ካርቶኑን ተዪውና ምላጭ አምጪ» አላት።

«ምን ሊያደርጉ?»

«ክሩን ልንቆርጥ።»

ልጅቷ መንኮራኩሩን በደረቷ ከለለችው፤ ሳታስበው ነው። «ጋሼ! አራት ወር ነው የፈጀብኝ። ከሃያ ሰባት ሙከራ ሳይሰበር የወጣው ይሄ ብቻ ነው።»

«ሁለት ሜትር ብቻ ነው የምንቆርጠው። አፉን አንነካም፤ እንደተያዘ ይቆያል። ከአፉ ሁለት ሜትር ርቀን እንቆርጥና እዚያ የደረሰውን ብርሃን እንለካለን። መነሻው እሱ ነው፤ መብራቱ አይደለም። አፉ ላይ የሚቀረው በክሩ መቆጠር የለበትም።»

ባለ ክሯ አፉን አየች። ቀዩን ብረት አየች።

«አየሽው አይደል?» አለ። «እኔም በመጀመሪያው ዓመት ይህንኑ ስህተት ሠርቼዋለሁ። ቱቦዬ ሰባት ይደክማል ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ፤ አምስቱ አፉ ላይ የቀረ ነበር። አንድ ሽማግሌ ባልደረባዬ አይቶት ኖሯል፤ ጡረታ የወጣ ዕለት ነው የነገረኝ። "ራስህ ታገኘዋለህ ብዬ ነው" አለኝ። ሁለት ዓመት ተኩል ነው የፈጀብኝ።»

«ጋሼ፣ ለምን ይነግሩኛል? ቱቦዎ ይዘጋል እኮ።»

«ሊዘጋ ይችላል። መጀመሪያ እንለካ።»

ምላጩን ይዛ ቀረበች። ክሩን በስሱ ጫረችና ጫን ስትለው «ቀጭ» አለ። በማጉያ መነጽር ሲያዩት የተቆረጠው ፊት ሸካራ ሆኗል። ትንሽ ወደ ውስጥ ገብታ እንደገና ቆረጠች፤ አሁን እንደ ውሃ ፊት ለሰለሰ። መለኪያውን አስጠጉ። መርፌው ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘና ቆመ።

ከስምንቱ አራቱ አፉ ላይ ቀርቷል። የክሩ የራሱ ድካም አራት ብቻ ነው፤ በኪሎ ሜትር አሥራ ስድስት።

ደገሙት። አሥራ ስድስት። መሣሪያ ቀይረው ደገሙት። አሥራ ስድስት ከትንሽ።

ባለ ክሯ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ወንበር አጠገቧ እያለ። ጋሽ ዴሲቤል ደስታ ጠብቆ ነበር። ልጅቷ ግን ፊቷን በእጆቿ ሸፍና «ስንቱን ጥዬዋለሁ» አለች። «ከዚህ በፊት አሥር መንኮራኩር፣ አጭር አጭር ክር፣ አይረባም ብዬ ቆሻሻ ውስጥ ጥያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው አይሆንልኝም ስል… እነሱም ደህና ነበሩ ማለት ነው።»

«አንዳንዱ ይሆናል።»

«እንዴት አላየሁትም?»

«ስትደክሚ የሚታይሽ ቁጥሩ ብቻ ነው። የተጣለው ተጥሏል፤ ተነሺ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው።» እጁን ዘረጋላት፤ እሱ እሷን ሊያስነሣ ሲል ጉልበቱ ከዳውና እሷ እሱን ያዘችው። ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን አመጣችለት። «አሥራ ስድስት» ብሎ ጽፎ ከሥሩ እንዴት እንደተለካ በአራት መስመር አብራርቶ ፈረመ።

ቦርዱ ብዙ አልተከራከረም። ኃላፊው እንዳለው፣ ፊርማውን ሲያዩ ዝም አሉ።

የቱቦው ሰዎች ነገሩን የሰሙት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። ከአሥራ አንዱ አራቱ ወደ መስታወት ምድጃው ተዛወሩ፤ ሁለቱ ሌላ ከተማ ሄዱ፤ የቀሩት የመሸኛ ደብዳቤያቸውን ተቀብለው ወጡ። በያጁን ምድጃው ጋ እንዲሠራ ጠይቀውት ነበር። «እኔ ብረት እንጂ ጠርሙስ አላውቅም» ብሎ አንድ የበርና መስኮት ወርክሾፕ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእህቱን ቤት ደጃፍ አልረገጠም። እህቱ በየሳምንቱ እየሄደች ታየዋለች፤ ስትመለስ ባሏ «እንዴት ነው?» ይላል፣ እሷም «አለ» ትላለች። ከዚህ ሌላ አትጨምርም፣ እሱም አይጠይቅም።

ቱቦውን ያጠፋው ጋሽ ዴሲቤል ራሱ ነበር። ሌላ ሰው እንዲያጠፋው አልፈለገም። ሁለት ሳምንት ዝናብ አልጣለም ነበር፤ መሬቷ እንደ አጋጣሚ ረግታለች። ማብሪያ ማጥፊያውን ከመንካቱ በፊት ከልማዱ መለኪያውን አነበበ። አንድ ነጥብ ስምንት። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ከዚያ የተሻለ አንብቦ አያውቅም። መዝገቡ ላይ ጻፈው፣ ሰዓቱን ጻፈ፣ አጠፋው። የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ቀስ በቀስ እየዞረ ሲቆም ክፍሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ እንደሚኖር አላወቀም ነበር።

እሱንም ወደ ምድር ቤት አዛወሩት። ሥራው ተቀምጦ ነው፤ ጭቃ የለም፣ ቦይ የለም። ባለ ክሯ ስምንት ረዳቶች ተሰጥቷት ድምፅዋ ከፍ ብሏል፤ ትልልቅ ቁጥር ያለው መለኪያ አስገዝታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት፣ ዓይኑ እንዳይደክም ብላ። እንግዳ ሲመጣ «ስህተቴን ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው» ትላለች። እንግዳው እጁን ይጨብጠዋል። እሱም ይጨብጣል። ጉልበቱ ግን ያርፋል ብሎ እንዳሰበው አላረፈም፤ መቀመጥም ለካ የራሱ ሕመም አለው።

በሰባተኛው ወር አንድ ቀን ከሥራ ወጥቶ ፌርማታው ላይ ቆሞ ሳለ ከአጠገቡ የብረት ቡናኝ የነካው ሰማያዊ ቱታ ቆመ። ቀና ሲል በያጁ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። ሁለቱም ወደ መንገዱ አዩ።

«ሥራ እንዴት ነው?» አለ ጋሽ ዴሲቤል በመጨረሻ።

«በር ነው። በር፣ በር፣ መስኮት። ያንተስ?»

«ቁጥር ነው።»

አውቶቡሱ ዘገየ። በያጁ ጫማውን መሬት ላይ አፋተገ። «ተሳስተሃል አልልህም» አለ። «ብዙ አስቤበታለሁ፣ አልተሳሳትክም። ግን ይቅርታ ለማድረግም የሚያጠፋ ሰው ያስፈልጋል። አንተ አላጠፋህም፤ እኔ ደግሞ ተናድጃለሁ። ታዲያ ንዴቴን የት ልውሰደው?»

«እኔ ጋ ይሁን» አለ ጋሽ ዴሲቤል። «ቦታ አለኝ።»

አውቶቡሱ መጣ፤ እንደ ሁልጊዜው ሞልቶ። የመግቢያው ደረጃ ከፍ ያለ ነበር፤ ጋሽ ዴሲቤል አንድ እግሩን አንሥቶ ሌላው እምቢ አለው። ከኋላው የቆሙት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። በያጁ ክርኑን ያዘና ወደ ላይ ገፋው፤ ራሱም ከኋላው ተሳፈረ። ቲኬት ቆራጩ «ስንት ሰው ናችሁ?» ሲል በያጁ ቀድሞ «ሁለት» አለ፤ የሚወርድበትን ፌርማታ ሲጠየቅም የእህቱን ቤት ፌርማታ ተናገረ።